አንድ ተማሪ፣ ስድስት መዝገብ

በአዳማ ለኮሌጅ መምህራን፣ ለሬጅስትራር ሠራተኞችና ለኮምፒውተር ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሬጅስትራር ባልደረቦች፣ የኮምፒውተር ክፍል ወንድሞችና እኅቶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ንግግሬን በአንዲት ተማሪ ውጤት ልጀምር። ልጅቷ ቀደም ሲል በማስተምርበት ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። በኢንተርኔት የሰጠሁትን አጭር ፈተና ከ20 18 አገኘች። ፈተናው የተሰጠው በአንድ ድረ ገጽ ነው። ውጤቱን ወደ ኤክሴል አወረድኩት፤ ከኤክሴል ደግሞ አንድ በአንድ እያነበብኩ ወደ ሬጅስትራሩ ሥርዓት ጻፍኩት። መሽቷል፤ መብራት ሄዶ መጥቷል፤ ገና ያልነካኋቸው ሁለት ክፍሎች ይጠብቁኛል። 18 የነበረው 8 ሆኖ ገባ። በጠቅላላው 54 ያገኘች ልጅ 44 ተባለች። ሲ የነበረው ዲ ሆነ፤ የማስጠንቀቂያ ወረቀትም ተከተለ።

ስሕተቱን ለማረም ሦስት ሳምንት ፈጀ። ደግነቱ ልጅቷ የውጤቱን ገጽ በስልኳ አስቀርታው ነበር። ስልኳን እያሳየች ከቢሮ ቢሮ ዞረች። በር ላይ ቆማ ተራ ስትጠብቅ ያየኋት ቀን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ቁጥሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ነገር ግን ያ ቁጥር መጀመሪያውኑ በእኔ ዓይንና በእኔ ጣት ማለፍ አልነበረበትም። ኮምፒውተር ለኮምፒውተር ሊያቀብለው የሚችለውን ነገር በደከመ ሰው እጅ አሳለፍነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ጉዳይ ነው፤ የትምህርት መሣሪያዎቻችን እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ማድረግ።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በአዳማ ሁለት የባቡር መስመሮች አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የአሮጌው የጅቡቲ መስመር ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲሱ ስፋት 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲሜትር ነው። ሁለቱም ብረት ናቸው፤ ሁለቱም የተዘረጉት ወደቡን ከመሐል አገር ለማገናኘት ነው። የአንዱ ፉርጎ ግን በሌላው ላይ አይሄድም። አሮጌው ዛሬ ሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር እያንዳንዱ ኩንታል በሰው ትከሻ ወርዶ በሰው ትከሻ ይጫን ነበር። እኛ መምህራን የስም ዝርዝር ከሬጅስትራር ወደ ሙድል፣ ማለትም ኮርሶቻችንን በኢንተርኔት ወደምናስተምርበት መድረክ፣ ውጤት ከፈተና ድረ ገጽ ወደ ሬጅስትራር ስንገለብጥ የምንሠራው ይህንኑ የተሸካሚ ሥራ ነው። ሁለቱን ሀዲዶች የሚለያያቸው አንድ ምዕተ ዓመት ነው፤ የዘረጓቸው ሰዎች ሊመካከሩ አይችሉም ነበር። የእኛ መሣሪያዎች ግን በአንድ ግቢ፣ በአንድ በጀት፣ አንዳንዴም በአንድ ዓመት የተገዙ ናቸው።

እስቲ በየኮሌጃችሁ ያለውን ቁጠሩ። የሬጅስትራሩ ሥርዓት አለ። ሙድል ወይም ጎግል ክላስሩም አለ። የፈተና ቅጽ አለ፤ የቪዲዮ ስብሰባ አለ፤ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ቴሌግራም አለ። ስድስት ሆኑ። እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ለብቻው እናገናኝ ብንል 15 ድልድይ መሥራት አለብን። ሰባተኛ መሣሪያ ሲጨመር 21 ይሆናሉ። አንዱ መሣሪያ በተሻሻለ ቁጥር ወደ እሱ የሚወስዱት ድልድዮች ሁሉ ይናጋሉ። ሁሉም የሚግባቡበት አንድ ቋንቋ ካለ ግን ለስድስቱ ስድስት ማገናኛ፣ ለሰባቱ ሰባት ማገናኛ ይበቃል።

የጋራ ቋንቋው አለ፤ ከተፈጠረም ቆይቷል። መንገዱን የጀመሩት የአቪዬሽን ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 ኤአይሲሲ የተባለውን ኮሚቴ ያቋቋሙት፣ አንድ የተዘጋጀ ሥልጠና ኮምፒውተሩ በተለወጠ ቁጥር እንደ አዲስ መሠራቱ ኪሳራ ስለሆነባቸው ነው። ከዚያ በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር አነሳሽነት ስኮርም መጣ። 1.2 የተባለው እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን እስከ ዛሬ በብዙ ቦታ ይሠራበታል። ስኮርም ማለት በቀላሉ ሙሉ ትምህርቱን በአንድ ጥቅል አስሮ፣ ከላይ የዕቃ ዝርዝር ለጥፎ መላክ ነው። ተቀባዩ ዝርዝሩን አንብቦ ይፈታዋል። በአንድ ቦታ ያዘጋጃችሁትን ትምህርት ሌላ ኮሌጅ ሳይነካካ ይጠቀምበታል።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ፤ ሻጮች ይህን አይነግሯችሁም። ይኸው 1.2 እትም ተማሪው የት እንደደረሰ ለማስታወስ የሚሰጠው ቦታ 4096 ፊደል ብቻ ነው። ረጅም ትምህርት ከሆነ ቦታው ይሞላል፤ ነገ ሲመለስ ተማሪው ራሱን መጀመሪያው ገጽ ላይ ያገኘዋል። ተማሪው ስልኩን፣ እናንተ ኢንተርኔቱን ስትወቅሱ ችግሩ ያለው እዚያች ጠባብ ሳጥን ውስጥ ነው።

ሁለተኛው የጋራ ቋንቋ ኤልቲአይ ይባላል፤ አንድ የትምህርት መድረክ ከሌላ ድረ ገጽ ጋር የሚገናኝበት ነው። ለኮሌጆቻችን ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እሱ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ኤልቲአይን ለመረዳት የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ወደ ቢሮ የሄደ ሰው መሆን ብቻ ይበቃል። ደብዳቤው ማን እንደሆናችሁና ለምን እንደመጣችሁ ይገልጻል፤ ከታች ማኅተም አለበት። ተቀባዩ ቢሮ እናንተን አያውቃችሁም፤ ማኅተሙን ግን ያውቀዋልና ያስተናግዳችኋል። ተማሪዋ ሙድል ውስጥ ሆና የውጭውን የፈተና ድረ ገጽ ስትከፍት የሚሆነው ይኸው ነው። ሙድል «ይህች ተማሪ የእኔ ናት፣ በዚህ ኮርስ ተመዝግባለች፣ ለዚህ ፈተና መጥታለች» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያስይዛታል። የፈተናው ድረ ገጽ ማኅተሙን አመሳክሮ ያስገባታል። አዲስ ምዝገባ የለም፤ አዲስ የይለፍ ቃል የለም። ፈተናው ሲያልቅ ደግሞ የመልስ ደብዳቤ ወደ ሙድል ይሄዳል፦ ከ20 18። በመካከል የሚገለብጥ ሰው ስለሌለ 18 ሆኖ የወጣው 18 ሆኖ ይገባል።

የመጀመሪያው ኤልቲአይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣው 1.3 እትም ማኅተሙን አጠንክሮታል። ደረጃውን የሚያስተዳድረው ድርጅት ድሮ አይኤምኤስ ግሎባል ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ዋን ኤድቴክ ይባላል። ሻጭ መጥቶ «የእኛ ሥርዓት ከሙድል ጋር ይገናኛል» ሲላችሁ «በስንተኛው ኤልቲአይ?» ብላችሁ ጠይቁት። «1.3» ካለ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። «በኤክሴል አውርዳችሁ ትጭናላችሁ» ካለ የሚሸጥላችሁ ያንኑ የተሸካሚ ሥራ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ለሚያነብ ሁሉ ይገኛል። ከዚህ በኋላ የምለው ግን የእኛው ጉዳይ ነው፤ ማንም መጥቶ አይሠራልንም።

ሁለት ሥርዓቶች ስለ አንድ ተማሪ ለመነጋገር በመጀመሪያ አንድ ተማሪ መሆኗን ማወቅ አለባቸው። በስም እንለያት ብንል፣ ስማችን በፊደላችን ስንት ዓይነት ይጻፋል? ኃይሉ በብዙኃን ኀ፣ በሐመሩ ሐ፣ በሃሌታው ሀ ይጻፋል። ለእኛ ሁሉም ኃይሉ ነው። ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የተለየ ቁጥር ይዟልና። ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛ እትሙ ሲቀበል ሁሉንም ሞክሼዎች ለየብቻ መዝግቧቸዋል። መመዝገባቸው ተገቢ ነው፤ ቅርሳችን ናቸው። ስም የሚያመሳስል ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ግን ሞክሼዎቹን አንድ አድርጎ ማወዳደር እንዳለበት ማወቅ ይገባዋል። ሠ ከሰ፣ ፀ ከጸ፣ ዐ ከአ ጋር እንዲሁ።

በላቲን እንጻፈው ብንል ደግሞ አዳማ ላይ ሌላ ነገር ይጠብቀናል። ጫልቱ የምትባል ልጅ ከትምህርት ቤቷ የመጣው ወረቀት ላይ ስሟ በቁቤ ሥርዓት በሲ ፊደል ይጀምራል። ሬጅስትራሩ በእንግሊዝኛው ልማድ በሲና በኤች አስጀምሮ ይመዘግባታል። ጥላሁንም በቁቤ በኤክስ፣ በእንግሊዝኛው ልማድ በቲ ይጀምራል። ሁለቱም አጻጻፎች በየሥርዓታቸው ትክክል ናቸው። ሁለቱን ዝርዝሮች በስም ያገናኘ ሰው ግን አንዷን ጫልቱ ሁለት ያደርጋታል፤ አንደኛዋ ትምህርት ትከታተላለች ውጤት የላትም፣ ሌላኛዋ ውጤት አላት ክፍል ገብታ አታውቅም።

እንደገና፣ እነዚህ ሥርዓቶች የቤተሰብ ስም ይጠይቁናል። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው ያለን። ቀደም ብዬ ያነሣሁት ስኮርም 1.2 የተማሪን ስም የሚቀባበለው የቤተሰቡን አስቀድሞ፣ ኮማ አድርጎ፣ የራሱን አስከትሎ ነው። በዚህ መንገድ የታተመ የምስክር ወረቀት አይቻለሁ፤ የአባት ስም ቀድሞ የልጁ ተከትሏል። ያን ወረቀት ይዞ ሥራ ሊቀጠር የሄደ ሰው ስሙን ለማስረዳት ምን ያህል እንደሚደክም አስቡት።

ስለዚህ ስም ለሰው ነው፤ ማሽን ከማሽን ጋር መነጋገር ያለበት በቁጥር ነው። እዚህም ላይ ወጥመድ አለ። የብዙዎቻችን የተማሪ መለያ ቁጥር በመካከሉ እዝባር አለው፤ ቁጥር፣ እዝባር፣ የገባበት ዓመት። ሙድል በተለመደው ቅንብሩ እዝባር ያለበትን የተጠቃሚ ስም አይቀበልም። ታዲያ አንዱ ባለሙያ በእዝባሩ ፈንታ ሰረዝ ያስገባል። ሌላው ነጥብ ያደርገዋል። ሦስተኛው ጭራሽ ያጠፋዋል። ከአንድ መታወቂያ ሦስት ቁጥር ተወለደ። ዝርዝሩ በኤክሴል ሲከፈት ደግሞ ከፊት ያሉት ዜሮዎች ይረግፋሉ፤ 00457 የነበረው 457 ይሆናል። 7/12 የተባለውን ኤክሴል ቀን አድርጎ ይተረጉመዋል። ፋይሉ በዩኒኮድ መሆኑ ሳይነገረው ከተከፈተ የአማርኛው ስም ሁሉ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ፋይል ላይ አይቻቸዋለሁ።

አሁን የምሠራበት ቦታ አንድ የትምህርት ክፍል ብቻ መርጠን ሞከርነው። ሦስት ሰዎች ለሁለት ሳምንት ዝርዝር ስናጸዳ ከረምን። ለእያንዳንዱ ተማሪ እዝባር የሌለው፣ በዜሮ የማይጀምር፣ ከስሙም ከገባበት ዓመትም ጋር የማይያያዝ አንድ የውስጥ ቁጥር ሰጠን። የመታወቂያው ቁጥር እንዳለ ቀረ፤ ማሽኖቹ ግን በውስጡ ቁጥር ብቻ ይጠራራሉ። ስም የሚታረመው ሬጅስትራር ቤት ብቻ ነው ብለን ወሰንን፤ ሌሎቹ ሁሉ ሌሊት ሌሊት ከእሱ ይወስዳሉ። ከዚያ በኋላ ሙድልን ከፈተናው ድረ ገጽ ጋር ማገናኘቱ የአንድ ቀን ሥራ ሆነ። ሁለቱ ሳምንት የሄደው ስምና ቁጥር ላይ ነው። ኮሌጆች የኢንተርኔት ትምህርት እንጀምር ሲሉ በመጀመሪያ የሚገዙት የቪዲዮ ካሜራ መሆኑ ከልቤ ያሳዝነኛል። ካሜራው ይቆየን፤ ዝርዝሩ ይቅደም። የፋይዳን ቁጥር ለምን አንጠቀምም የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሬጅስትራር ማንነት ለማረጋገጥ ቢጠቀምበት መልካም ነው። የብሔራዊ መታወቂያን ቁጥር ለእያንዳንዱ የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ማደል ግን አይገባም፤ የውስጥ ቁጥር የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

ወደ ቀንና ሰዓት ልምጣ። አንድ መምህር ፈተናው ከምሽቱ 12 ሰዓት ይዘጋ ብሎ 12:00 ብሎ ይሞላል። ሥርዓቱ 12:00 የሚለው የእኛን ቀትር፣ 6 ሰዓትን ነው። ፈተናው ስድስት ሰዓት ቀድሞ ይዘጋል። ማታ ማታ የሚማሩ፣ ቀን ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ውለው የሚመጡ የኤክስቴንሽን ተማሪዎች ሲገቡ በሩ ተቆልፎ ያገኙታል። ሰርቨሩ ውጭ አገር ተቀምጦ ሰዓቱ ካልተስተካከለ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓትና በእኛ መካከል ያለው የሦስት ሰዓት ልዩነት ሌላ ስሕተት ያመጣል። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ጥቅምት 30 የተወለደ ልጅ 30/2 ተብሎ ሲገባ ፌብሩዋሪ 30 ይሆንና ሥርዓቱ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይላል። የጳጉሜን ልጆች 13ኛ ወር የለም ተብለው ይመለሳሉ። ወሩና ቀኑ የተቀበላቸው ደግሞ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አርጅተው ይመዘገባሉ። መፍትሔው ያን ያህል አይከብድም። ማሽኖቹ እርስ በርስ በጎርጎርዮስ ቀንና በዓለም አቀፍ ሰዓት ይቀባበሉ፤ ተማሪው በሚያየው ገጽ ላይ ግን በእኛ አቆጣጠር፣ «ከምሽቱ» ወይም «ከጠዋቱ» የሚል ቃል ተጨምሮበት ይታየው። ያ አንድ ቃል ብዙ ተማሪ ያድናል።

ኢንተርኔት ይቆራረጣል፤ ስለዚህ መገናኘት የሚባለው አይሠራም የሚሉኝ አሉ። መቆራረጡ እውነት ነው። ነገር ግን መገናኘት ማለት ሁልጊዜ በመስመር ላይ መሆን ማለት አይደለም። ኮሊብሪ የሚባል በነፃ የሚገኝ መድረክ አለ፤ ያለ ኢንተርኔት፣ በአንድ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ በክፍል ውስጥ ላሉ ስልኮች ሁሉ ትምህርት ያድላል፤ የተማሪዎቹንም ሥራ ይመዘግባል። ኤክስ ኤፒአይ የተባለው ደረጃ ደግሞ፣ 1.0 እትሙ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው፣ ትምህርትን በአጭር ዓረፍተ ነገር ይመዘግባል፦ ማን፣ ምን አደረገ፣ በምን ላይ። «ተማሪ 5120 የሦስተኛውን ምዕራፍ ፈተና አጠናቀቀ» እንደማለት ነው። ደስ የሚለኝ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሰዓት መያዙ ነው፤ ነገሩ የተፈጸመበትና መዝገብ ቤት የደረሰበት። ወለንጪቲ ላይ ያለች ተማሪ ማክሰኞ ማታ ያለ ኢንተርኔት የሠራችው ሐሙስ አዳማ ስትመጣ ቢደርስም መዝገቡ ማክሰኞ ብሎ ያውቅላታል። አርፍደሻል አትባልም።

ቴሌግራምን ለማስቀረት የሚታገሉ አስተዳዳሪዎች አሉ። ድካማቸውን ይተዉት። ተማሪው ያለው እዚያ ነው፤ ሙድል ላይ አዲስ ማስታወቂያ ሲወጣ ወደ ቻናሉ የሚያደርስ ቦት መሥራት ይቻላል። ውጤት ግን በግሩፕ አይለጠፍ፤ ስምና ነጥብ የተዘረዘረበት ፎቶ ለመቶ ሰው አይላክ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግ ጉዳይም ሆኗል። መሣሪያ ከመሣሪያ ስናገናኝም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ይህ ድረ ገጽ ሥራውን ለመሥራት የተማሪውን የትኛውን መረጃ ይፈልጋል? ፈተና ለማረም የልደት ቀንና የስልክ ቁጥር ምን ያደርግለታል?

ውል የምትፈርሙ ኃላፊዎች እዚህ አላችሁና አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩ ፊታችሁ ተቀምጦ ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ውጤት፣ ትምህርትና የተማሪ ዝርዝር ከሥርዓቱ አውጥቶ ባዶ ሙድል ላይ ሲጭን አሳዩኝ በሉት። በወረቀት ላይ ያለ ቃል አይበቃም፤ እጁ ሲሠራ እዩ። ውሉ ሲያልቅ መረጃችሁን ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ ሌላ ሥርዓት በሚያነበው መልክ እንደሚያስረክብ ይጻፍ። አንድ ኮሌጅ ሻጩን ሲለውጥ የአራት ዓመት የተማሪ ሥራ እዚያው ቀርቶበት አይቻለሁ። መምህራኑ ጥያቄዎቻቸውን ከወረቀት ላይ እንደገና ሲጽፉ ከረሙ።

ከሻይ በኋላ ጎን ባለው ክፍል አንድ የመለማመጃ ሙድልና አንድ የፈተና ድረ ገጽ ተዘጋጅተዋል፤ በኤልቲአይ 1.3 እናገናኛቸዋለን። ላፕቶፕ የያዛችሁ ይዛችሁ ግቡ። የእውነተኛ ተማሪ ስም እንዳታመጡ፤ አምስት አምስት ስም ራሳችሁ ፍጠሩ። አንዱ ኃይሉ ይሁን፤ አንዷ ጫልቱ ትሁን፤ አንዱ ደግሞ ጥቅምት 30 የተወለደ ይሁን። የት ቦታ እንደሚሰበር አብረን እናያለን።